ሰብል ጨውን የሚቋቋመው እንዴት ነው? በሴሉ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ

የበጋ መስኖ ስንዴ ወደ ቆላው ከወረደ ወዲህ «ጨው የሚቋቋም ዘር» የሚለው ነገር በየዜናው ይሰማል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ አካባቢ፣ ድሮ ጥጥና ሙዝ ይመረትበት ከነበረው መሬት ብዙው በጨው ተበልቶ ከእርሻ ወጥቷል። ስለዚህ ወሬው ተስፋ ቢያሳድር አይገርምም። ሆኖም ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አብረውት ይመጣሉ። አንደኛው፣ ዘሩ ጨውን «ለምዶታል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ዘሩ ከተገኘ የአፈሩ ነገር አያሳስብም የሚል ነው። ሁለቱም የሚፈርሱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ወደ ተክሉ ሴል ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

«ጨው» የምንለው የቱን ነው?

በአፈር ሙያ ጨው ሲባል ወጥ ውስጥ የሚጨመረው ብቻ አይደለም። ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከክሎራይድ፣ ከሰልፌትና ከባይካርቦኔት ጋር የሚፈጥሯቸው፣ በውሃ የሚሟሙ ውህዶች ሁሉ ጨው ናቸው። ተክልን አብዝተው የሚመርዙት ሶዲየምና ክሎራይድ ናቸው። በአብዛኞቹ የእህል ሰብሎች ላይ ዋናው ጠላት ሶዲየም ሲሆን፣ እንደ ብርቱካን፣ ወይንና አቮካዶ ባሉት ላይ ክሎራይድ ይብሳል።

መጠኑ የሚለካው በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ነው፤ ጨው በበዛ ቁጥር ማስተላለፉም ይጨምራል። መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። አንድ ዴሲሲመንስ ማለት በሊትር ውሃ ውስጥ 640 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ጨው አለ ማለት ነው። አፈሩ በንጹሕ ውሃ እስኪጠግብ ተለውሶ፣ ከጭቃው የተሳበው ውሃ 4 ዴሲሲመንስ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ አፈሩ ጨዋማ ነው ይባላል። የባሕር ውሃ 50 ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በቤተ ሙከራ የተለወሰው ጭቃ፣ ማሳ ላይ ከመስኖ በኋላ ጠንፍፎ ከሚቀረው አፈር በግምት እጥፍ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 4 የተጻፈለት አፈር፣ ሥሩ አጠገብ 8 ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ከዚህ ለየት ያለው ሶዲካማ አፈር ነው። ጠቅላላው ጨው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሸክላው ቅንጣቶች አጥብቀው ከያዟቸው ንጥረ ነገሮች ከ15 በመቶ በላይ የሚሆነው ሶዲየም ነው፤ የአልካላይነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤችም ብዙውን ጊዜ ከ8.5 ይበልጣል። ሶዲየም የሸክላውን ቅንጣቶች ይበታትናቸውና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ውሃ አይሰርግም፤ ሲደርቅ መሬቱ ይጋገራል። ጨዋማ አፈር ላይ ነጭ ሽፋን እንደሚታይ ሁሉ፣ እዚህ ብስባሹ ስለሚሟሟ ሽፋኑ ጠቆር ይላል። የሁለቱ መፍትሔ ስለሚለያይ መለየቱ ግድ ነው።

ውሃው ጨዋማ ካልሆነ ጨው ከየት ይመጣል?

ጥሩ የሚባለውም የመስኖ ውሃ ጨው አለው። 0.5 ዴሲሲመንስ የሆነ፣ ማንም የማይወቅሰው ውሃ እንውሰድ። በሊትር 320 ሚሊግራም ጨው ይዟል። በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢፈስ፣ 3.2 ቶን ጨው አብሮ ገባ ማለት ነው። ተክሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፤ ጨው ግን አይተንም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል። ትነት ዝናቡን ብዙ እጥፍ በሚበልጥበት ቆላ ግን ሰው ካላስወጣው በስተቀር እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ሲጠጣና ቦዮች ሲያንጠባጥቡ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። ከገጽ በታች እስከ 1.5 ወይም 2 ሜትር ከደረሰ፣ ውሃው በአፈሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተንኖም ጨውን ገጽ ላይ ይተዋል። በመካከለኛው አዋሽ መሬቱን ያበላሸው በዋናነት ይህ ነው፦ መስኖው ተዘርግቶ፣ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ማጠንፈፊያ ግን በበቂ አልነበረም። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም ከ1960ዎቹ ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብዙ እጥፍ እየሰፋ፣ ጨዋማ ውሃው የሸንኮራ አገዳውን ማሳ ሲያሰጋ ኖሯል።

ተክሉን የሚመታው ምኑ ነው?

ምቱ ሁለት ነው፤ ሰዓታቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ጥም ነው። ውሃ በሴል ሽፋን ሲያልፍ፣ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት ይሄዳል። ከሥሩ ውጭ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል። በ4 ዴሲሲመንስ፣ ማለትም በሊትር 40 ሚሊሞል (ሚሊሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ የገበታ ጨው ሲኖር፣ ተክሉ ተጨማሪ ሁለት የአየር ግፊት ያህል ኃይል መቋቋም አለበት። ይህ ምት በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። አዲስ ቅጠል መለጠጡን ያዘገያል፣ የቅጠሉ የትንፋሽ ቀዳዳዎች ይጠባሉ። ተክሉ ወዲያው አይቢጫም፤ እንዲያውም ቅጠሉ አንሶ፣ ወፍሮ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል። ገበሬው ይህን ሲያይ «ውሃ አነሰው» ብሎ መስኖ ይጨምራል። ማጠንፈፊያ በሌለበት ማሳ ይህ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይበልጥ ያነሣዋል፤ በአዋሽ ሸለቆ ችግሩን ካባባሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምት መመረዝ ነው፤ ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል። ሶዲየም ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ውሃው ሲተን እሱ ይከማቻል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው አሮጌው ቅጠል ነው፤ ከጫፍና ከዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል። አዳዲሱ ቅጠል ከሚወጣበት ፍጥነት ይልቅ አሮጌው የሚሞትበት ከበለጠ፣ ፍሬ ለመሙላት የሚበቃ ስኳር አይኖርም።

ሶዲየም መርዝ የሆነው ፖታሲየምን ስለሚመስል ነው። ሴል ፖታሲየም የግድ ያስፈልገዋል፤ በሥራ ቦታው፣ ማለትም ሳይቶፕላዝም በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ በሊትር 100 ሚሊሞል ገደማ ይይዛል። የሴሉን ኬሚካዊ ሥራ ከሚያካሂዱት ፕሮቲኖች፣ ማለትም ከኢንዛይሞች፣ ከ50 በላይ የሚሆኑት ያለ እሱ አይሠሩም፤ ፕሮቲን መገንባትም አይቻልም። ሶዲየም በኤሌክትሪክ ሙሌቱ አንድ ዓይነት፣ በመጠንም የሚቀራረብ ስለሆነ የፖታሲየምን መቀመጫ ይይዛል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። ይባስ ብሎ፣ ሶዲየም ሲገባ በሴሉ ሽፋን ግራና ቀኝ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ይወርድና ፖታሲየሙ ራሱ ወደ ውጭ መፍሰስ ይጀምራል።

ታዲያ ሴሉ ለምን አይለምደውም?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ተክሎች አንድ በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጨው ወዳድ ናቸው፤ በሊትር 200 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ጨው ባለበት በቅለው፣ አድገው፣ ዘር ይሰጣሉ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ የሚቆመው ማንግሮቭ ከነዚህ ነው፤ ለመኖ የሚተከለው አትሪፕሌክስም እንዲሁ። እነዚህ ተክሎች ጨውን የለመዱ ኢንዛይሞች ይኖሯቸዋል ብሎ መገመት ተፈጥሯዊ ነው። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ኢንዛይሞቻቸውን አውጥተው በሙከራ ቱቦ ውስጥ ከጨው ጋር ሲያገናኟቸው ግን እንደ ባቄላና አተር ኢንዛይሞች ሁሉ ተሽመደመዱ። ማንግሮቭም ይሁን ባቄላ፣ የሴሉ የሥራ ቦታ ሶዲየምን በእኩል ይጠላል።

ልዩነቱ ያለው ጨውን በማስቀመጫ ቦታው ነው። ጨው የሚቋቋም ተክል ማለት፣ ሶዲየምን ከሥራ ቦታው ማራቅ የቻለ ተክል ነው። ይህን የሚያደርገው በሦስት መንገድ ነው፦ ወደ ውጭ በማባረር፣ በሴሉ ውስጥ ለብቻው በመቆለፍና ወደ ቅጠል እንዳይወጣ ከመንገድ በመመለስ።

የት ይቆልፈዋል?

በቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት ከማዕድ ቤት ርቆ በጓዳ እንደሚቆለፈው፣ የተክል ሴልም ጓዳ አለው። ቫኪዩል ይባላል። በበሰለ ሴል ውስጥ ይህ ውሃ ያዘለ ከረጢት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል፤ ሳይቶፕላዝሙ ዙሪያውን የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የተሰኩ ፓምፖች ጉልበት እያወጡ የሃይድሮጅን አዮን (የኤሌክትሪክ ሙሌት ያለው ቅንጣት) ወደ ውስጥ ያስገባሉ። እዚያ የታመቀው ሃይድሮጅን ተመልሶ ለመውጣት ይገፋል። ኤንኤችኤክስ የሚባል በር መሰል ፕሮቲን ታዲያ አንድ ሃይድሮጅን ሲያስወጣ በልዋጩ አንድ ሶዲየም ያስገባል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በር የሚሠራውን ጂን አረቢዶፕሲስ በምትባል የሙከራ ተክል ውስጥ አብዝተው ሲያሠሩት፣ ተክሏ 200 ሚሊሞላር (በሊትር 200 ሚሊሞል) ጨው ባለበት አደገች። በ2001 በቲማቲም ተደገመ፤ ሶዲየሙ በቅጠሎቹ ተከማችቶ፣ ፍሬው ውስጥ የገባው ግን ጥቂት ነበር። ሙከራዎቹ ቁጥጥር ባለበት ቤት የተደረጉ ናቸው። ሙቀትና ንፋስ በሚፈራረቁበት፣ ጨውም በየሜትሩ በሚለያይበት ማሳ ላይ በአንድ ጂን ብቻ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ጨውን መቆለፍ ግን አዲስ ችግር ይፈጥራል። ከረጢቱ በጨው ከተሞላ ውሃው ከሳይቶፕላዝሙ ወደ እሱ ይሸሻል፤ የሥራ ቦታው ይደርቃል። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሴሉ ሳይቶፕላዝሙን ኢንዛይም በማይጎዱ ነገሮች ይሞላል፦ ፕሮሊን፣ ግላይሲን ቤታይን፣ ስኳርና የስኳር አልኮሎች። እነዚህን መሥራት ዋጋ አለው። የሴል ጉልበት የሚቆጠረው ኤቲፒ በሚባለው ሞለኪውል ነው። በቅጠል ሴል ውስጥ አንድ ሞል ሶዲየም ወደ ከረጢቱ ለማስገባት 3.5 ሞል ገደማ ኤቲፒ ይበቃል። አንድ ሞል ፕሮሊን ለመሥራት ግን 41፣ ግላይሲን ቤታይን 50፣ ተራ ስኳር 52 ይጠይቃል። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ነው!

ከዚህ ሂሳብ አንድ የማይጠበቅ ነገር ይወጣል። ተክሉ ሴሉን ሙሉ በሙሉ በስኳርና በፕሮሊን ቢሞላ ለእድገት የሚተርፈው ጉልበት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ውዱን ነገር ለትንሹ ሳይቶፕላዝም ያደርገዋል፤ ሰፊውን ከረጢት ደግሞ ርካሽ በሆነው በራሱ በጨው ይሞላዋል። በሥራ ቦታው መርዝ የነበረው ሶዲየም፣ በከረጢቱ ውስጥ ውሃ መሳቢያ ሆነ። ጨው ወዳድ ተክሎች ጨው በሌለበት ከሚያድጉት ይልቅ በመጠነኛ ጨው የተሻለ የሚያድጉትም በዚህ ምክንያት ነው። በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ ጨው ባለው የከርሰ ምድር ውሃ የሚለማው ትንንሽ ቲማቲም ጣፋጭ የሚሆነውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ፍሬው የሚገባው ውሃ ስለሚቀንስና ስኳሩ ስለሚወፍር፣ ፍሬው አንሶ ጣዕሙ ይጨምራል።

ጓዳው ሲሞላስ? ትርፉ ሶዲየም ወደ ሳይቶፕላዝሙ ይመለሳል፤ አሮጌው ቅጠል በድንገት የሚቃጠለው ያኔ ነው። ገና የሚከፋፈሉት የጫፍ ሴሎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰፊ ከረጢት የላቸውም። ስንዴና ገብስ ከፍ ካሉ በኋላ የሚችሉትን ጨው በቡቃያነታቸው የማይችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሴሉ ጨው መምጣቱን በምን ያውቃል?

ሶዲየም ሥሩን በነካ በሰከንዶች ውስጥ ካልሲየም ከውጭ ወደ ሳይቶፕላዝሙ ይገባል። በ2019 የወጣ ጥናት በአረቢዶፕሲስ ሴል ሽፋን ላይ ያሉ ልዩ ቅባቶች ሶዲየምን እንደሚይዙና የካልሲየሙን በር እንዲከፈት እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ ያለው የፕሮቲኖች ቅብብል ኤስኦኤስ ይባላል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተገኘው፣ ጂናቸው ተለውጦ ትንሽ ጨው የሚገድላቸውን የአረቢዶፕሲስ ተክሎች (ሚውታንቶች) በማጥናት ነው። ኤስኦኤስ3 የተባለው ፕሮቲን ካልሲየሙን ይይዛል፤ ይዞም ኤስኦኤስ2ን ያነቃል። ኤስኦኤስ2 በሴሉ የውጭ ሽፋን ላይ ወዳለው ኤስኦኤስ1 ሄዶ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ኤስኦኤስ1 በሰላሙ ጊዜ በራሱ ጭራ ተዘግቶ የሚቀመጥ በር ነው፤ ፎስፌቱ ሲለጠፍ ጭራው ይነሣና ሶዲየምን እያስወጣ ሃይድሮጅን ማስገባት ይጀምራል።

እዚህም ሃይድሮጅኑን መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ፓምፑም ኤቲፒ ይበላል። ስለዚህ ጨው የሚቋቋም ተክል፣ ከጨው ነፃ ቢሆን ለእድገት ያውለው የነበረውን ጉልበት ለጥበቃ ያወጣል።

ቀስ በቀስ የመጣ ጨው ከድንገተኛው የሚሻለውም ይህ ሁሉ ዝግጅት ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው። በሮቹ ለመከፈት ደቂቃዎች፣ አዳዲስ በሮችና ፕሮሊን ለመሥራት ሰዓታትና ቀናት ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ይህ ዝግጅት ተክሉ ከተፈጥሮው ያለውን አቅም ያነቃቃል እንጂ ከጣሪያው አያሳልፈውም።

ሥሩ ምን ያህሉን ይመልሳል?

አንድ ተክል በውስጡ ከሚያስቀረው ውሃ 50 እጥፍ ገደማ በቅጠሉ ያተናል። ስለዚህ የቅጠሉ ጨው ከአፈሩ እንዳይበልጥ ሥሩ ከሚያገኘው ጨው 98 በመቶውን ወደ ኋላ መተው አለበት። በሥሩ ውስጥ፣ ውሃ አመላላሹን ቧንቧ ከቦ የሚገኝ የሴሎች ረድፍ አለ፤ በሴሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃ በማያሳልፍ ነገር ስለተደፈነ፣ የሚያልፈው ሁሉ በሴል ሽፋን ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። አምልጦ ወደ ቧንቧው የገባውን ሶዲየም ደግሞ ኤችኬቲ የተባሉ ፕሮቲኖች ከቧንቧው መልሰው በሥሩና በግንዱ ሴሎች ያስቀሩታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ አገር ስንዴ ትልቅ ትርጉም አለው። የዳቦ ስንዴ ከቅድመ አያቶቹ ከአንዱ የወረሰው የኤችኬቲ ጂን ሲኖረው፣ ማካሮኒ የሚሠራበት ዱረም ስንዴ ያንን የዘር ክፍል ከነጭራሹ አልያዘም። ዱረም ሶዲየምን ወደ ቅጠሉ የሚያሳልፈው ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ነባር የስንዴ ዘሮች በአብዛኛው ዱረም መሆናቸውን ስናስብ፣ ነባሩን ዘር ወደ ጨዋማ ቆላ ማውረድ ለምን ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይገባናል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ኤችኬቲ1፤5 የተባለውን ጂን በተለመደው የማዳቀል ዘዴ ወደ ዱረም አስገብተው፣ በ2012 ባሳተሙት ውጤት በጨዋማ ማሳ ላይ ምርቱ በ25 በመቶ መጨመሩን አሳይተዋል። ጨው በሌለበት ማሳም ምርቱ አልቀነሰም። በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ ለገበሬ የሚቀርበው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ የተነካው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ በር ነው፣ የተሞከረውም ማሳ ላይ ነው።

ሴሉን ለብቻው አለማምዶ ተክል ማብቀልስ?

ተሞክሯል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የትምባሆ ሴሎች በፈሳሽ ምግብ ውስጥ እየተባዙ፣ ጨው በየደረጃው እየተጨመረባቸው በሊትር 25 ግራም፣ ማለትም 428 ሚሊሞላር በሆነ ጨው ውስጥ እንዲያድጉ ተደረገ። መጀመሪያ አብዛኞቹ ሞቱ፤ የቀሩት ተባዙ። ሴሎቹ ሲመረመሩ መጠናቸው አንሶ ነበር፤ ሶዲየሙ በከረጢታቸው ታጭቆ፣ በሳይቶፕላዝማቸው ከ100 ሚሊሞላር አልበለጠም። ኦስሞቲን የሚባለው ፕሮቲን የተገኘውም ከእነሱ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ጨውን አልለመዱም፤ መቆለፉን አጠነከሩት እንጂ።

በዚህ ዘዴ ከተለማመዱ ሴሎች ተክል ለማብቀል ብዙ ሙከራ ተደርጓል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተክሉ የሴሉን ያህል አልቻለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙሉ ተክል ውሃ ያተናል፤ ጨው ከሥር ወደ ቅጠል የሚጓዝበት መንገድ አለው፤ የ98 በመቶው ማጣሪያና የኤችኬቲ ጥበቃ የሚሠሩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሴል ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ «በቤተ ሙከራ ይህን ያህል ጨው ቻለ» የሚል ዜና ሲመጣ፣ የቻለው ሴል ነው፣ ቡቃያ ነው ወይስ ማሳ ላይ ያለ ሰብል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«ይቋቋማል» ሲባል እስከ ስንት?

እያንዳንዱ ሰብል ምርቱ የማይነካበት ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ዴሲሲመንስ የተወሰነ በመቶ ይቀንሳል። ገብስ እስከ 8 ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ 5 በመቶ ይቀንሳል። ጥጥ 7.7 እና 5.2 በመቶ፣ ስንዴ 6 እና 7.1 በመቶ፣ ቲማቲም 2.5 እና 9.9 በመቶ፣ በቆሎ 1.7 እና 12 በመቶ፣ ሽንኩርት 1.2 እና 16 በመቶ፣ ቦሎቄ 1 እና 19 በመቶ ናቸው። በዚህ መሠረት 4 ዴሲሲመንስ በሆነ አፈር ላይ ስንዴ ምንም አይጎዳም፤ በቆሎ 28 በመቶ፣ ሽንኩርት 45 በመቶ፣ ቦሎቄ ከግማሽ በላይ ያጣሉ። አፈሩ 8 ሲደርስ ስንዴም 14 በመቶ ያጣል። ቁጥሮቹ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ይለያያሉ፤ በሞቃትና ደረቅ ቦታ ትነት ስለሚበረታ ጉዳቱ ይብሳል።

ማሳ ላይ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መለካት። ናሙና ከ0 እስከ 30 ሴንቲሜትርና ከ30 እስከ 60 ለየብቻ ይወሰድ፤ ነጭ ከሆነውና ካልሆነው ቦታም አይቀላቀል። በቀላሉ ለመለካት አንድ እጅ የደረቀ አፈር በአምስት እጅ ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከጠለለ በኋላ መለኪያው ይነከርበታል። ይህ ንባብ ከጭቃው ንባብ በጣም ስለሚያንስ ማባዛት ያስፈልጋል፦ ለከባድ ሸክላ በ6 ገደማ፣ ለመካከለኛ አፈር በ9.5፣ ለአሸዋማ በ14። ይህን ማባዛት የዘነጋ ሰው ጨዋማውን መሬት ደህና ነው ብሎ ይዘራበታል።

ጨዋማ ከሆነ መታጠብ አለበት። ከሚታጠበው አፈር ጥልቀት ጋር እኩል የሆነ ውሃ፣ ለምሳሌ ለ30 ሴንቲሜትር አፈር 30 ሴንቲሜትር ውሃ፣ በአፈሩ ውስጥ ቢያልፍ ከሚሟሟው ጨው 80 በመቶ ገደማውን ይዞ ይወርዳል። ይህ ከመዝሪያ በፊት ቢደረግ ሰፊ ከረጢት የሌላቸው የቡቃያ ሴሎች እረፍት ያገኛሉ። በየመስኖው ደግሞ ለማጠቢያ የሚሆን ትርፍ ይጨመራል። መጠኑን ለማግኘት የሰብሉን ጣሪያ በ5 አባዝቶ የውሃውን ዴሲሲመንስ መቀነስ፣ ከዚያም የውሃውን ዴሲሲመንስ ለዚያ ማካፈል ነው። ውሃው 1 ቢሆን ለስንዴ 3.4 በመቶ፣ ለበቆሎ 13 በመቶ ገደማ ይመጣል።

በቦይ ሲጠጣ ጨው ከውሃው ጋር ተስቦ የመደቡ አናት መሐል ላይ ይከማቻል። ዘሩን አናቱ ላይ መዝራት ቡቃያውን ጨው በበዛበት ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ በመደቡ ጎን፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ መዝራት ይሻላል።

ሶዲካማ ከሆነ ውሃ ብቻውን አይረዳም፤ ቅንጣቶቹን ይበልጥ ይበታትናል። መጀመሪያ ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድን ተጨምሮ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከሸክላው ላይ ማስለቀቅ አለበት፤ የተለቀቀውን ደግሞ ውሃ ያጥበዋል። የጂፕሰሙ መጠን በላቦራቶሪ ውጤት እንጂ በግምት አይወሰን። ካልሲየሙ ለሴሉም ይጠቅማል፦ ሶዲየም ወደ ሥር ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች መካከል ማንኛውንም አዮን የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ይገኙበታል፤ ካልሲየም እነዚህን ያጠባቸዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ማጠንፈፊያ ነው፤ ምክንያቱ ከሴሉ ጋር የተያያዘ ነው። ሶዲየምን የሚያባርሩትም የሚቆልፉትም ፓምፖች ኤቲፒ ይፈልጋሉ፤ ሥር ኤቲፒ የሚሠራው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው። ውሃ የቆመበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን በሰዓታት ያልቃል፤ ፓምፖቹ ይዳከማሉ፤ ሶዲየሙ ያለ ከልካይ ወደ ቅጠል ይወጣል። ጨውና የቆመ ውሃ አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳታቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት ድምር ይበልጣል፤ ጨው ይቋቋማል የተባለው ስንዴም እዚያ ይወድቃል። ስለዚህ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከ2 ሜትር በታች እንዲቆይ ጥልቅ ቦይ ወይም ከመሬት በታች የተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ በየጊዜውም ከደለል መጠረግ አለበት። የሚወጣው ውሃ ከገባው ብዙ እጥፍ ጨዋማ ነው። ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ከተለቀቀ በታችኛው ተፋሰስ ያለው ገበሬ ነው የሚጠጣበት፤ ስለዚህ መድረሻው ከቦዩ ቁፋሮ በፊት መወሰን አለበት።